የአቶ ይመር ሰዓት

በ2078 ዓ.ም ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው የሚነቃው በዶሮ ጩኸት ወይም በአዛን አይደለም፤ በደንብ ነው። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በየቤቱ ግድግዳ የተገጠመው ሰሌዳ ይበራና፣ ትናንት የነበረው ደንብ ዛሬ በምን በምን እንደተሻሻለ የሚዘረዝር ረጅም ጽሑፍ ያወርዳል። ከጽሑፉ ግርጌ «እስማማለሁ» የሚል አረንጓዴ ምልክት አለ። ምልክቱ እስኪነካ ድረስ በር አይከፈትም፤ ቧንቧም ውሃ አይሰጥም። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው በከተማው አልተገኘም። አንድ ጡረታ የወጣ ዳኛ ሞክሮ ነበር፤ ቀትር ላይ አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ እንደደረሰ ውሃ ጠማውና ተስማማ።

የሰው ፎቶ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሞተ አባት ድምፅ ሳይቀር ያለው ጎተራ ውስጥ ነው። ጎተራ የሚሉት የአገሩ መዝገብ ሁሉ የሚከማችበትን ቋት ነው፤ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሰሌዳዎቹ በራሳቸው ምንም አይዙም፤ የሚያሳዩት ጎተራ ያሳዩ ያላቸውን ነው። ጎተራ የማያድሰው አሮጌ ኮምፒውተር እጁ ላይ ወይም ቤቱ የተገኘበት ሰው ሁለት ዓመት ይታሰራል። ሽማግሎች «ላም አለኝ በሰማይ» እያሉ ይተርቱበታል፤ ተርተው ሲያበቁም አረንጓዴዋን ይነካሉ።

ኤልዳና ይመርም ስትነካ ነው የኖረችው። ስድሳ አራት ዓመቷ ነው። ስሟ ስትወለድ የሕፃን ስም ነበር። በዚያ ዘመን የተወለዱት ኤልዳናዎች፣ ሶሊያናዎችና ናሆሞች ዛሬ ጉልበታቸውን እያሹ ደረጃ የሚወጡ ሰዎች ሆነዋል፤ የሰፈር ልጆች «እትዬ ኤልዳና» ሲሏት ራሷንም አንዳንዴ ይገርማታል። ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበረች። ሥራዋ በመብራት ፊት የሚያልፈውን ጨርቅ እያየች የጎደለ ክር ካለ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ነበር። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። የምትኖረው ጨፌ ሰፈር፣ አባቷ ባቆዩላት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው።

በጥቅምት አንድ ሰኞ ማለዳ ሰሌዳው ከደንቡ በፊት ሌላ ጽሑፍ አወረደ። የጨፌ ሰፈር የአራት መቶ አሥራ ሁለት ቤቶች የይዞታ መዝገብ ተመርምሮ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኝቷል ይላል። ምክንያቱ አጭር ነው። መዝገቡ የተጻፈው ከ2008 እስከ 2010 ዓ.ም ሲሆን የጨፌ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የተከፈተው ግን በ2015 ዓ.ም ነው። ጸሐፊው በየቀኑ ሥራ የሚጀምረው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚሠራ ጽሕፈት ቤት የለም። የመዝገቡ ቀን ደግሞ በተደጋጋሚ ወደ ኋላ ተመልሷል፤ ቀን ወደ ኋላ አይሄድም። አዘጋጅ፦ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይመር አበጋዝ። ነዋሪዎቹ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቤታቸውን ለቀው ከከተማው ውጭ ወዳለው መጠለያ ይዛወራሉ። ተቃውሞ ያለው በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሸንጎ አዳራሽ ይቅረብ።

ኤልዳና የአባቷን ስም ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከሥሩ ያችው አረንጓዴ ምልክት አለች። ጀሪካኑ ባዶ ነበር፤ ማታ የዘፈዘፈችው ልብስም ነበራት። ነካችው፤ ውሃው ወረደ። አባትሽ አጭበርባሪ ነው በሚል ጽሑፍ ላይ ለአንድ ጀሪካን ውሃ ስትል መስማማቷ የገባት ጀሪካኑ ሞልቶ መሬት ላይ መፍሰስ ሲጀምር ነው። ንዴቱ ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ ዘለቀ። ያን ቀን ልብሱን አጠበችው ከማለት ቀጠቀጠችው ማለት ይቀላል።

ሰፈሩም በአንድ ቀን ፊቱን አዞረባት። አቶ ይመር ከሞቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሙት አይወቀስም ይባላል፤ ልጅ የተወ ሙት ግን ወቀሳው ማረፊያ አያጣም። ጎረቤቷ እትዬ ሶሊያና፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሳትጣራት የማታልፈዋ፣ አጥሩን ተደግፋ አባትሽ ምን ነክቶት ነው በሌሊት ሲጽፍ የኖረው ብላ ጠየቀቻት። አባቷ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ዜናው ገና ሳያልቅ የሚያንኮራፉ ሰው ነበሩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኢምራን መጣ። ጋሽ ኢምራን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ መናኸሪያው አጠገብ «ፎርማት እናደርጋለን፣ ፊልም እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባት አንድ በር ሱቅ ነበረችው። ያ ሙያ ከሞተ አርባ ዓመት አልፎታል። ዛሬ የሸንጎ አዳራሹን ይጠርጋል። ወጣቶቹ ሠራተኞች ጆሮው አይሰማም ብለው ያስባሉ፤ እሱም እንዲያ ቢያስቡ አይጠላም። ደጃፏ ላይ ተቀመጠና፣ የመዝገቡን ነገር አዳራሹ ውስጥ መስማቱን ነግሯት፣ አባቷ የተዉት ዕቃ እንዳለ ጠየቃት።

ኤልዳና ከስፌት ሣጥኗ ውስጥ አንድ ፍላሽ አውጥታ ሰጠችው። አቶ ይመር ከቤታቸው መክፈቻ ጋር አስረው ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት የዞሩት ነው። ሊሞቱ ሲሉም፣ እናድስልሽ ለሚል ሰው እንዳትሰጪ ብለዋታል። በፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ፕላስተሩ ላይ ሃያ አምስት ፊደልና ቁጥር በጥቃቅኑ ተጽፏል። ኢምራን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገሩን ገለጠላት። ይህ የኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫኛ ነው። ፕላስተሩ ላይ ያለው የመጫኛው ምስጢር ቁጥር ነው። ሰውየው መዝገቡን ብቻ ሳይሆን መዝገቡ የተጻፈበትን ነገር ሁሉ ከነጓዙ ጠቅልለው አስቀምጠዋል። ጎተራ ከአሮጌ መዝገብ የሚያነበው ላዩን ነው፤ ውስጡ የሚከፈተው በጻፈው ማሽን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ቤቱ ሄደች። ኢምራን ከሽንብራ ጆንያ ውስጥ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ላፕቶፕ አወጣ። ሁለት ዓመት የሚያሳስረው ይኸው ነው። አቶ ይመር የሠሩበትን ዓይነት ማሽን ግን በዚህ ዘመን ከየትም ማግኘት ስለማይቻል፣ ላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ማሽን ሊሠራ ነው፤ የሌለ፣ ግን እንዳለ የሚያስብ ማሽን። በሱቁ ዘመን ቨርችዋል ማሽን ይሉት እንደነበር ነገራት። ኤልዳና ግራ ስትጋባ ቀለል አድርጎ አስረዳት።

«ቤት ውስጥ ድንኳን እንደመትከል በይው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሜዳ ላይ ያደረ ይመስለዋል። ቤቱን አያውቀውም፤ ቤቱም አይነካውም።»

ሥራው ከብልኃት ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። መጀመሪያ ለሌለው ማሽን ይህን ያህል ጉልበት፣ ይህን ያህል ሆድ አለህ ብሎ መዋሸት፤ ቀጥሎ ፍላሹን ማሳየት፤ ከዚያ ስትነሣ ከፍላሹ ተነሣ ብሎ ማዘዝ። ኤልዳና ይህችን የመጨረሻዋን ሁለት ቀን ሙሉ እየረሳች ማሽኑ በጨለማ ውስጥ ተነሥቶ የሚይዘው አጥቶ ይቆም ነበር። ኢምራን አልተቆጣም፤ «አብሽሪ፣ እኔ የመጀመሪያውን ሰሞን የሰው ኮምፒውተር ሦስት ገድያለሁ» አላት። ሐሙስ ላይ ያለ እርዳታ ጫነችው። ሠላሳ አራት ደቂቃ ፈጀ። ሰማያዊው ገጽ ሲበራ ሁለቱም እንደ ልጅ ሳቁ።

ሳቁ ግን ወዲያው ቀዘቀዘ። አሮጌው ሲስተም ውስጥ የቀበሌው የመዝገብ ፕሮግራም ተቀምጧል፤ ሲነኩት ግን አልከፈት አለ። ፕሮግራሙ የሚከፈተው የማሽኑ ቀን መዝገቡ መጨረሻ ከተዘጋበት ቀን ጋር ሲገጥም ነው። ኤልዳና የአባቷን የኪስ ደብተር ይዛ ነበር፤ «ነሐሴ 30 ቀን 2017 ማሽኑን ዘጋሁ። መዝገቡ ወደ ማዕከል ይሄዳል አሉ» ይላል። ኢምራን በጣቱ ቆጠረ፣ በወረቀት አሰላ፤ በፈረንጁ መስከረም አምስት ቀን 2025 ይሆናል አለና ያንኑ አስገባ። አይገጥምም አለ ማሽኑ። አንድ ቀን ወደፊት፣ አንድ ቀን ወደኋላ ሞከረ። እምቢ አለ።

ኤልዳና ያኔ አንድ ነገር ትዝ አላት። አባቷ ቤት ውስጥ የገባ ሰዓት ያለውን ዕቃ ሁሉ አያምኑም ነበር። ስልክም ሆነ ቴሌቪዥን በተገዛ ቀን ቁጭ ብለው በአገሩ ቀንና በአገሩ ሰዓት ያስተካክሉታል፤ «የፈረንጅ ዕቃ ስምንት ዓመት ይቸኩላል» ይሉ ነበር። እናቷ ስቃ አትጠግብም።

«ጋሽ ኢምራን፣ አትቁጠረው» አለችው። «እንዳለ ጻፈው። ሠላሳ፣ አሥራ ሁለት፣ 2017።»

ኢምራን ቀና ብሎ አያት፤ ጻፈው። ፕሮግራሙ ተከፈተ።

ኤልዳና ደስ ሊላት ሲገባ አፈረች። የአራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት መዓት የመጣው እሷ ስትስቅበት ባደገችው የአባቷ ግትርነት መሆኑ ነው። አቶ ይመር የመንግሥቱን ኮምፒውተር ተሳስተሃል ብለው አርመውታል። 2016ና 2017 ብለው የሞሉትን ጎተራ የፈረንጅ ነው ብሎ ከ2008 እስከ 2010 አደረገው፤ የጠዋት ሦስት ሰዓታቸውንም የሌሊት ዘጠኝ አደረገው። የፈረንጁ ሁለተኛ ወር ሃያ ስምንት ወይም ሃያ ዘጠኝ ላይ ሲያልቅ የእሳቸው ጥቅምት ሠላሳ ይሞላል፤ ስለዚህ ኅዳር በገባ ቁጥር ቀድሞ የሄደውን ቀን ወደ ኋላ ጎትተውታል። አሥራ ሦስተኛ ወር ማሽኑ አልቀበል ስላላቸው ደግሞ ጳጉሜን ጭራሽ አላበሩትም፤ መስከረም ሲጠባም ቀኑን እንደገና መልሰውታል።

ሐፍረቷን ያስጣላት መዝገቡ ራሱ ነው። እያንዳንዱ ቤት የተመዘገበበት ቀንና ሰዓት በረድፍ ተደርድሯል፤ ኤልዳናም ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቅ ባየችበት ዓይን አየችው። የጎደለ ክር አለው። በየቀኑ ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል አንድም ቤት አልተመዘገበም። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ክፍተቱ ይሰፋና ከአምስት ተኩል ይጀምራል። ኢምራን ይህን ሲያይ ጺሙን ይዞ ቀረ። የምሳ ሰዓት ነው። የሰፋው ደግሞ ዓርብ ነው፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት ለጁምዓ ቀደም ብሎ የሚዘጋበት። ሌሊት የሚያጭበረብር ሰው ለጁምዓ ሰላት ሥራ አያቆምም።

ከሥር ደግሞ የዕለት ማስታወሻ የሚጻፍባት ጠባብ ሳጥን አለች። አብዛኛዋ ባዶ ናት። በአንድ የግንቦት ቀን ግን እንዲህ ይላል፦ «ልጄ ኤልዳና ትኩሳት ስላላት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥቻለሁ። ነገ አካክሳለሁ።» አጠገቧ ማሽኑ የመዘገበው የመዝጊያ ሰዓት 9፡00 ነው፤ ጎተራ ቢያነበው የጠዋት ሦስት ይለዋል። ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። ኤልዳና በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፤ ኢምራንም ሽንብራ የሚለቅም መስሎ ወደ ጓዳ ገባ።

ማስረጃው እጃቸው ገባ። ችግሩ የት ይታይ የሚለው ነበር። ላፕቶፑን ይዘው ቢሄዱ በር ላይ ይወረሳል፤ እነሱም ይታሰራሉ። ሸንጎው የሚያየው በሸንጎው ሰሌዳ ላይ የታየውን ብቻ ነው። ኢምራን ግን ያንን ሰሌዳ ስድስት ዓመት አቧራውን ሲጠርግ ኖሯል፤ ሁለት ነገር ያውቃል። አንደኛ፣ አዲስ ሠራተኞች የሚሠለጥኑበት «መለማመጃ» የሚባል ክፍል አለው፤ እዚያ ውስጥ የሌለ ማሽን መትከል ይቻላል፣ የሚደረገውም ከጎተራ አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ ከሰሌዳው ጎን ቀዳዳ አለ። በመላው ከተማ ውስጥ የቀረው ቀዳዳ እሱ ብቻ ነው። ሁሉ ነገር በአየር ሲሆን ይህችን ያስቀሯት ለማኅተም ነው፤ ዘመን ቢለወጥ፣ ጎተራ ቢመጣ፣ በዚህ አገር ማኅተም ያላረፈበት ነገር ነገር አይደለም። ሰብሳቢው ማኅተሙን በአንገቱ አንጠልጥሎ ይመጣል፤ ውሳኔው ሲነገር ቀዳዳው ውስጥ ሰክቶ ያጸናዋል። እስከዚያ ቀዳዳው ክፍት ነው።

የሚያስፈልጋት ጊዜ ብቻ ነበር፤ በሸንጎው ሰሌዳ ቢፈጥን ሃያ ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ ግን ማን ይሰጣታል? ኢምራን እሱን ለእኔ ተይው አለ።

በቀጣዩ ሳምንት ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮቱ በኩል ቆሟል። ሰብሳቢው ሶፎንያስ የሚባል ሠላሳ ዓመት የዘለለ፣ ትሁትና ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። የሐይቅ ልጅ ነው፤ ወሎዬ። የጎተራን ግኝት አነበበ፤ ተቃውሞ ያለው ይናገር አለ። ኤልዳና ብድግ ብላ ማስረጃ አለኝ አለች። በሰሌዳው ይታያል ወይ አላት። ይታያል አለችና ወደፊት ሄደች። መለማመጃውን ከፈተች፤ ለሌለው ማሽን ጉልበቱንና ሆዱን ሰጠችው፤ ፍላሹን ከወገቧ ፈታ ቀዳዳው ውስጥ ሰካችው፤ ከፍላሹ ተነሣ አለችው። ይህችን አልረሳችም።

ሶፎንያስ ጽሑፍ ሲንጋጋ አየና ከወንበሩ ተነሣ። ያልታደሰ ነገር መጫን ክልክል መሆኑን በትሕትና አስታወሳት። ኤልዳና ዞር ብላ አየችው።

«አዋጁ የሚለው በእጅ የተያዘ ወይም በቤት የተቀመጠ ማሽን ነው። ይኼ በእጄም የለም፣ በቤቴም የለም። ጭራሽ የለም፣ ልጄ። ሰሌዳው የእናንተው ነው።»

ሶፎንያስ አዋጁን በልቡ እንደሚያነበው ሰው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ እጁን ወደ ፍላሹ ዘረጋ። በዚህ ጊዜ ጋሽ ኢምራን ከኋላ፣ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ከፈተ።

«እጃችንን እንዘርጋ። ነገር ያለ ምርቃት አይጀመርም።»

ሦስት መቶ ሰው እጁን ዘረጋ። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ ሲመርቅ እጁን የሰበሰበ ሰው በማግስቱ ከእናቱ ቤት እንኳ ቀና ብሎ አይገባም። ሶፎንያስ ፍላሹን ሊነቅል የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። ዙሪያውን አየ፤ ከዚያ መዳፉን ቀስ ብሎ ገለበጠና ወደ ላይ ከፈተው።

ኢምራን መረቀ። ከመጣ መዓት፣ ከወረደ በላ ይሰውረን አለ፤ አሚን አሉ። የራቀውን ያቅርብልን፣ የታመመውን ይማርልን፣ የተጣላውን ያስታርቅልን አለ። ዝናቡን በወቅቱ፣ ፀሐዩን በልኩ ለመነ። በሰሌዳው ላይ ዘጠኝ ከመቶ ይላል። ለቦርከና ወንዝ መረቀ፤ ለመንገዱ፣ ለከብቱ፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ፈተና ለሚቀመጡ ልጆች መረቀ። ሠላሳ አንድ ከመቶ። ሶፎንያስ ሊያቋርጥ አፉን ሲከፍት ኢምራን ወደ ሶፎንያስ ዞረና የእሱን እናት መረቀ፤ የወለደችህ ማኅፀን ትባረክ፣ ያጠባህ ጡት ይባረክ አለው። ሰው እናቱ ስትመረቅ ምን ይላል? አሚን አለ።

አርባ ስምንት ላይ የኢምራን ድምፅ ሰልሎ ጠፋ። ኤልዳና ወደ ኋላ ዞራ አየች። ያኔ እትዬ ሶሊያና ተነሣች። በቀረው እኔ ልመርቅ አለችና በእመብርሃን ጀምራ በቅዱሳኑ ሁሉ ዞረች፤ አንዱንም አላስቀረችም። የኢምራን ወገኖችም አሜን አሉላት። ኤልዳና በዚህ መሀል ሃያ አምስቱን ፊደልና ቁጥር አንድ በአንድ ጻፈች። ሰባ ላይ ሰሌዳው ጠፍቶ ጨለመ። እንዲህ እንደሚሆን በልምምዱ አይታዋለች። ሰማያዊው ገጽ ተመልሶ ሲበራ እትዬ ሶሊያና የጀመርነውን ያስጨርሰን ብላ እጇን ፊቷ ላይ አሳረፈች።

ኤልዳና የማሽኑን ቀን ነሐሴ 30 ቀን 2017፣ ሰዓቱን ሦስት አድርጋ ሞላች። መዝገቡ ተከፈተ። አራት መቶ አሥራ ሁለቱ ቤቶች በረድፍ ወረዱ፤ ሰው የአባቱን፣ የአያቱን ስም እያየ ተንሾካሾከ። የምሳውን ክፍተት አሳየች። የዓርቡን አሳየች፤ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሽማግሎች ሳይነገራቸው ጁምዓ ነው አሉ። ቀኑ ኅዳርና መስከረም በገባ ቁጥር ለምን እንደሚመለስ አስረዳች፤ አባቴ ሰዓት አበላሽቷል፣ መዝገብ ግን አላበላሸም አለች። በመጨረሻ የትኩሳቱን ቀን ከፈተች። ሶፎንያስ ተጠግቶ አነበበ። ዘጠኝ ሰዓት የሚለውን ጽሑፍና 9፡00 የሚለውን ቁጥር እያፈራረቀ አየ።

«ገብቶኛል» አለ። «እኔ አይቻለሁ። ጎተራ ግን የሚያየው የለም፤ መለማመጃ ውስጥ ያለ ነገር አይቆጠርም። እኔ አየሁ ብዬ መጻፍ አልችልም፣ እትዬ። ውሳኔውን የማጸናው ጎተራ ባለው ነው።»

ከአንገቱ ማኅተሙን አወጣ። ወደ ሰሌዳው ጎን አጎነበሰ። ቀዳዳው ውስጥ ፍላሹ አለ።

ኤልዳና መዳፏን ፍላሹ ላይ አደረገች። ሶፎንያስ ማኅተሙን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፍላሹ ሳይወጣ ማኅተሙ አይገባም፤ ማኅተሙ ሳይገባ ውሳኔው አይጸናም፤ ውሳኔው ሳይጸና ከጨፌ ሰፈር አንድ በር አይዘጋም። ሌላ ሰሌዳ ከበላይ ይጠየቅ እንዳይባል መጠየቂያው ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ ማኅተም ይፈልጋል። ይህን ለማወቅ የሕግ ሰው መሆን አያስፈልግም፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ዕድሜውን ማኅተም ፍለጋ ሲመላለስ የኖረ ነውና ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባው። ከመሀል አንዱ ሳቀ፤ ሳቁም ከወንበር ወንበር ተጋባ።

ሶፎንያስ ፍላሹን በሁለት ጣቱ ይዞ መሳብ ይችል ነበር። የምትከለክለው አንዲት አሮጊት መዳፍ ናት። መዳፏን አየ፤ ከዚያ አዳራሹን አየ። ማንም አልጮኸም፤ ማንም አልተነሣም። ጠባቂዎቹ በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ አንደኛው ከደቂቃዎች በፊት አሚን ሲል እንባውን ሲጠርግ የታየ ነው። ሶፎንያስ እነሱን ላለመጥራት ወሰነ። ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ማኅተሙን ጭኑ ላይ አሳረፈ።

«እትዬ፣ ይኼን መቼ ነው የሚያነሡት?» አላት፤ ድምፁ የሰብሳቢ አልነበረም።

«አባቴ ከሥራ ሲወጣ።»

ሶፎንያስ ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየ። ማሽኑ ውስጥ ነሐሴ 30 ቀን 2017 ነው፤ ሰዓቱ ሦስት ከሃያ ይላል።

«ገና ጠዋት ነው» አለችው። «አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይወጣል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደ ጠዋት እመልሰዋለሁ። እሱ ስንቴ መልሶታል።»

እትዬ ሶሊያና ጫማዋን አውልቃ ወንበሩ ሥር አስቀመጠች፤ ኋላ የቆሙትም መሬት ላይ እየተጠጋጉ መቀመጥ ጀመሩ።